ለቅሶው ሳይነሣ

«ራፕ ከማን ተማርሽ?» ሲሉኝ «ከለቅሶ ቤት» እላለሁ። ጠያቂው ይስቃል፤ እኔም አብሬ እስቃለሁ፤ ከዚያ ወደ ሌላ ጥያቄ እናልፋለን። ዛሬ ሳልስቅ ልንገራችሁ። በድሮ ዘፈኖቼ ውስጥ የነበረው «ገደልኩት፣ ቀበርኩት» የሚለው ፉከራ የት ገባ የምትሉኝም ብዙ ናችሁ። የሁሉም መልስ ያለው በአንድ ቀን ውስጥ ነው።

እናቴ ጥሩዓለም ሙሾ አውራጅ ናት። ከደብረ ማርቆስ ወደ አማኑኤል ሲኬድ ዋናውን መንገድ ትቶ በእግር በሚገባበት አገራችን፣ ሰው ሞቶ ጥሩንባ ከተነፋ በኋላ መጀመሪያ ሰው የሚላክባት እሷ ነበረች። ለቅሶው ሜዳ መሐል ቆማ የሟቹን ታሪክ በግጥም ታወርዳለች፤ ሌሎቹ ሴቶች ደረታቸውን እየመቱ ይቀበሏታል። ወረቀት የላት፣ ልምምድ የላት። መንገድ ላይ ብቻ ትጠይቃለች፦ በሬው ማን ይባል ነበር? ምን ያስቀው ነበር? ማንን ይወድ ነበር? ከደረስን በኋላ ያ ሁሉ ቤት መትቶ ከአፏ ሲወጣ፣ እኔ ከኋላዋ ነጠላዋን ይዤ አፌን ከፍቼ እሰማ ነበር።

«ትንፋሽሽን ቤቱ መሐል ላይ አትሳቢ» ትለኝ ነበር። «ሰው ሲቀበልሽ ሳቢ። ያን ጊዜ ማንም አያይሽም።» ዛሬ ያለ ማቋረጥ ስደረድር የሰማ ሁሉ ሳንባዬን ያደንቃል። ሳንባው የእሷ ነው።

ሁለተኛ ደረጃ ለመማር ደብረ ማርቆስ ገባሁ። እዚያ በትምህርት ቤቱ ሚኒ ሚዲያ ስለፈልፍ የሰማኝ ይበልጣል የሚባል ልጅ ነው። ይቤ እንለዋለን። ከፎቶ ቤት ጀርባ ባለች ጠባብ ክፍል ስልክ ይጠግናል፤ ማታ ማታ ደግሞ ግማሽ ቁልፎቿ በወለቁ ላፕቶፕ ቢት፣ የዘፈን ምት፣ ይሠራል። ግድግዳውን በእንቁላል መያዣ ካርቶን ለጥፎ «ስቱዲዮ» ይለዋል። ፍቅረኛሽ ነው ወይ ለምትሉ፣ አይደለም። የምለውን ሳልጨርስ የሚሰማኝ ሰው ነው። «እዚህ ላይ ዋሸሽ፣ እንደገና ግቢ» ይለኛል፤ እናደዳለሁ፤ እንደገና እገባለሁ፤ ልክ ይሆናል።

የመጀመሪያ ዘፈናችን በባጃጆቹ ሁሉ ውስጥ ሲጮህ ከረመ። እናቴን አገር ቤት ሄጄ በስልኬ አሰማኋት። ጆሮዋን ጥላ እስከ መጨረሻው አዳመጠችና «ጥሩ ነው። ማን ሞተ?» አለችኝ። ሁለተኛው ዘፈን ባሕር ዳር ድረስ አስጠራን። ያን ሰሞን ልቤ ትንሽ አብጦ ነበር። በየግጥሙ ውስጥ ተፎካካሪዎቼን እገድላለሁ፣ እቀብራለሁ፣ ተዝካራቸውን እበላለሁ፤ ልጆቹም መድረክ ስር ሆነው ይጮኻሉ።

ነገሩ የመጣው ኔትወርክ እየመጣ በሚጠፋበት በዚያ ክረምት ነው። አጎቴ ምንይችል፣ የእናቴ ወንድም፣ በማሳ ድንበር ጠብ በጥይት መገደሉን የሰማሁት ከተቀበረ በኋላ ነበር። ከአገር የመጣ አንድ ነጋዴ ስቱዲዮ ድረስ መጥቶ ነገረኝ። ማን ገደለው ስለው «ከወንዙ ማዶ ያለ ሰው ነው፤ ገድሎ ጠፍቷል» አለ። ስሙን አያውቀውም። ትልቁ ለቅሶ በማግስቱ ነበር።

ይቤ ነጋዴው ከሄደ በኋላ መጣ፤ አጎቴ መሞቱን ብቻ ስነግረው ወጥቶ ከጓደኛው ሞተር ብስክሌት ተውሶ ተመለሰ። «ለቅሶ ነው፤ ብቻሽን አትሄጂም» አለኝ። እምቢ ማለት ነበረብሽ ብላችሁ እንዳትፈርዱብኝ፤ ለቅሶ የሚሄድን ሰው ብቻውን የሚሰድ የለም።

ስንደርስ ሜዳው በሰው ተሞልቷል። መሐል ላይ የምንይችል ካፖርት፣ ባርኔጣውና ጠመንጃው እሱን መስለው ቆመዋል። ሴቶቹ ዙሪያውን ከበው ደረት ይመታሉ። እናቴን ሳቅፋት ከጉሮሮዋ የወጣው ድምፅ ገለባ ሲረገጥ የሚሰማው ዓይነት ነበር። ከሞተበት ሰዓት ጀምሮ አልቅሳ ድምፅዋ ጨርሶ ተዘግቷል። በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ለገዛ ወንድሟ ሙሾ ማውረድ አቅቷት ዳር ቆማለች።

በእሷ ፈንታ የምታወርደው የሟቹ ሚስት እትዬ ያምሮት ነበረች። ፊቷን ነጭታዋለች። ወደ ወንዶቹ ዞረችና እንዲህ አለች፦

ወንድም አለኝ ብሎ፣ ሲኮራ የኖረ፣
ሱሪ የታጠቀ፣ ሰው ጠፍቶበት ቀረ።

ይህን ስትል የወንዶቹ መስመር ተንቀጠቀጠ። ትንሹ አጎቴ ቻላቸው «ዘራፍ!» ብሎ ዘሎ ከመሐል ገባ፤ ወደ ሰማይ ተኮሰ። ቻላቸው የእኔ እኩያ ለመሆን ትንሽ ነው የሚቀረው፤ ልጅ ሳለን ወንዝ አብረን እንዋኝ ነበር። ዓይኑን ሳየው ግን አላወቅኩትም። ታላቁ አጎቴ አያል ከድንኳኑ አፍ ላይ ቆሞ ይመለከታል። አያል የሚናገረው ትንሽ ነው፤ የተናገረውን ግን አይመልስም። ለዚህም አገሩ ያከብረዋል፣ ይፈራዋልም።

ይቤ እንደ ወጉ ከወንዶቹ ድንኳን ገብቶ ተቀመጠ። አጠገቡ ዱላቸውን ተደግፈው የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ ነበሩ። እንግዳ ሲያዩ እንደሚጠየቀው ጠየቁት።

«አንተ ልጅ፣ የማን ልጅ ነህ?»

ይቤ አባቱ የሞተው እሱ ሕፃን ሳለ ነው። ያደገው ማርቆስ ነው፤ ያባቱን አገር ረግጦት አያውቅም። እናቱ ግን ልጄ አባት የለውም እንዳይባል ብላ የዘር ሐረጉን እስከ ሰባት ቤት አስጠንታዋለች። ሽማግሌ የማን ልጅ ነህ ካለህ ተነሥተህ፣ እጅ ነሥተህ፣ አያትህን ጠርተህ መልስ ብላዋለች። እሱም ተነሣ፤ እጅ ነሣ።

«ይበልጣል አዱኛ ፈንቴ ነኝ፣ አባቴ። ያባቴ አገር ከወንዙ ማዶ ነው።»

ድንኳኑ ዝም አለ። እኔ ከሴቶቹ መሐል ሆኜ ያ ዝምታ ተሰማኝ። የአጎቴን ገዳይ ስም ያን ጊዜ አጠገቤ ካሉት ሴቶች ነው የሰማሁት፤ ሙላት ታደገ ፈንቴ ይባላል። የይቤ ያጎቱ ልጅ ነው። ይቤ ዓይቶት አያውቅም።

ሽማግሌው ክፋት አልነበራቸውም። «ምነው ልጄ! ምነው አፍህን በዘጋኸው!» ብለው ዱላቸውን ከፊቱ ጋረዱ። ቻላቸው ግን ደርሷል። በሰደፍ አንዴ ግራ ጆሮው ላይ መታው። የዚያን ድምፅ ዛሬም ሳልፈልግ እሰማዋለሁ፤ እንጨት ሲሰነጠቅ እንደሚሰማው ነው። ይቤ ሳይጮህ ወደቀ። ከዚያ ጫማ ነው፣ ዱላ ነው፣ ሁሉም ወረደበት። እየሮጥኩ ገብቼ ከላዩ ወደቅኩበት። አንዱ በጎኔ ረገጠኝ፤ ሌላው በጸጉሬ ይዞ ጎትቶ ጣለኝ።

«የኔ እንግዳ ነው!» እላለሁ። «እኔ ነኝ ያመጣሁት! በመድኃኔዓለም!»

«የፈንቴ ዘር ነው!» አለ ቻላቸው። ጠመንጃውን አቀባበለ። «ፈጣሪ ራሱ እስከ ደጃችን ልኮልናል! ምን ትላላችሁ!»

«ተው» አለ አያል።

አንድ ቃል ናት። ቻላቸው አፈሙዙን ሳያወርድ ዞረ።

«ወንድሜ ሳይለቀስለት ደም አይፈስም» አለ አያል። «የምንይችልን ለቅሶ ደም አታስነኩትም። ለቅሶው አልቆ ይነሣ። ከዚያ ወንዝ ይዛችሁት ውረዱ።»

በእኛ ዘንድ ለቅሶ ቆሞ ሳለ ደም ማፍሰስ ለሟቹ ውርደት ነው። ሙሾ አውራጇ ሟቹን እያነሣች ሳለ ወንድሙ ጥሎ መሄድም ነውር ነው። ይቤን በጠፍር ገመድ አስረው ከሜዳው ጫፍ ካለው የገለባ ክምር ሥር ጎትተው ጣሉት። ደሙ በሣሩ ላይ መስመር ሠርቶ ቀረ። ሁለት ጎረምሶች ጠመንጃ ይዘው ከራሱ ቆሙ።

እናቴ ክንዴን ይዛ ወደ ዳር ወሰደችኝ። ከንፈሯን ከጆሮዬ አጣብቃ ነው የምታወራኝ፤ ድምፅ የላትም።

«አባ ተክሌን ይዤ እመጣለሁ» አለችኝ። አባ ተክሌ የቤተሰቡ የነፍስ አባት ናቸው። «ዛሬ ከወዲያኛው ደብር ነው የዋሉት። እሳቸው ከገዘቱ አያልም ቢሆን ግዝቱን አያፈርስም። እኔ እስክመጣ ለቅሶውን ያዢው። እንዳታስነሺው።»

«እማ፣ እኔ እኮ ሙሾ አውርጄ አላውቅም።»

«ይኸው ስንት ጊዜሽ ስትለፈልፊ!»

«ምን እላለሁ? ያዘጋጀሁት የለኝ!»

«ምንይችልን ታውቂው የለም? እሱን በይ» አለችኝና ነጠላዋን ከትከሻዋ አውልቃ ወገቤ ላይ አሰረችልኝ። ከዚያ በጭቃው ላይ መሮጥ ጀመረች። እናቴ ስትሮጥ ዓይቻት አላውቅም ነበር።

መሐል ገባሁ። በጂንስ ሱሪ፣ ጫፉን ቀይ ባስቀባሁት ጸጉር፣ በተቀደደ ቲሸርት። ሴቶቹ እንደ እብድ አዩኝ። አንዷ «የጥሩዓለም ልጅ አይደለችም እንዴ?» ስትል ሰማኋት። ባሕር ዳር ያን ሁሉ ሕዝብ ፊት ስቆም እንዲህ አልፈራሁም ነበር። ዓይኔን ጨፈንኩ።

ማረሻው ተሰቅሏል፣ በሬው ቆሟል ከደጅ፣
ጌታው ወዴት ሄደ? አልነገረም ለልጅ።

አንዲት አሮጊት «ውይ!» ብላ ደረቷን መታች። ከዚያ ሁሉም መቱ። እኔም ሰው ሲቀበለኝ ትንፋሽ ሳብኩ።

የማውቀውን ሁሉ አወጣሁ። ቡሬ የሚባለውን በሬውን፣ ምንይችል በአንድ እግሩ ትንሽ ያነክስ እንደነበር፣ ሲስቅ አፉን በእጁ እንደሚሸፍን። ሬዲዮኑን አነሣሁ። ምንይችል በአገሩ መጀመሪያ ሬዲዮ የገዛ ሰው ነበር፤ በባትሪ ድንጋይ የሚሠራ፣ በላስቲክ የታሰረ ሬዲዮ። እኔ ሰው ፈጥኖ በዜማ ሲናገር ለመጀመሪያ ጊዜ የሰማሁት በዚያ ሬዲዮ ነው። «ይሄ ሰውዬ ምን ሆኖ ነው?» ስለው «ተናዶ ነው መሰል፤ ተይው ይናገር» ብሎኝ ነበር። ይህንንም ገጠምኩት። ሴቶቹ እያለቀሱ ሳቁ። እኔም አለቀስኩ። እዚያ የቆምኩት ይቤን ለማዳን ነበር፤ ግን አጎቴ መሞቱ በእውነት የገባኝ እዚያው ነው።

ሰዓቱ ገፋ። እናቴ አልመጣችም። ደረት የሚመቱት ሴቶች ሲደክሙ ሌሎች ይተካሉ፤ እኔን የሚተካ የለም። ሙሾው ሲያልቅብኝ ፈጠን አልኩ። ሳላውቀው እንደ መድረኩ መደርደር ጀመርኩ፤ የደረቱ ምት ከበሮ ሆነልኝ። ቤት ሳይመታልኝ ሲቀር የአባቶቹን ስም እጠራለሁ፣ የማሳውን ስም እጠራለሁ፣ የዘራውን እህል እጠራለሁ። አንዳንዱ የማይረባ ነበር። ይቤ ቢሰማኝ «እንደገና ግቢ» የሚለኝ ዓይነት። ግን አላቋረጥኩም።

ከዚያ ሰማዩ ጠቆረ። አገራችን በክረምት ከሰዓት በኋላ እንዴት እንደሚሆን የምታውቁ ታውቃላችሁ። መጀመሪያ ንፋስ፣ ከዚያ በረዶ። ሰዉ ነጠላውን ራሱ ላይ አድርጎ መበተን ጀመረ። የለቅሶ ሜዳ ባዶ ከሆነ ለቅሶው ተነሣ ማለት ነው። ቻላቸው ይህን ነበር የሚጠብቀው።

«በቃ! ተለቅሷል!» ብሎ ጀርባውን ሰጠኝ። ሁለት እርምጃ ወደ ገለባው ክምር ሄደ።

ና ቁም ከመሐሉ፣ ቻላቸው ወንድሙ፣
ገና አልተነገረም፣ ታሪኩና ስሙ።

በስም ጠራሁት። በስሙ ተጠርቶ፣ ወንድሙ እየተወደሰ፣ ሰው ሁሉ እያየው ጥሎ መሄድ አልቻለም። ተመለሰ። የተበተኑት ሴቶችም አፍረው ነው መሰል በበረዶው ውስጥ ተመለሱ። በረዶው ራሴን ይቀጠቅጠኛል፣ ዓይኔ ውስጥ ውኃ ይገባል፤ እናገራለሁ።

ቻላቸው መጥቶ ከፊቴ ቆመ። ምን እየሠራሁ እንደሆነ ያን ጊዜ ገባው። አፈሙዙን ደረቴ ላይ አስደገፈ።

«አቁሚ» አለኝ በዝግታ።

አላቆምኩም።

«ስመኝ፣ አቁሚ ብዬሻለሁ። ሬሳሽን እንዳታስታቅፊኝ፣ አታስገድጂኝ።»

ምን እንዳልኩ አላስታውስም፤ ልጅ ሳለን ወንዝ ውስጥ ልንሰምጥ ስንል ምንይችል እንዴት እንዳወጣን ይመስለኛል የገጠምኩት፤ እኔን በአንድ እጁ፣ እሱን በሌላው። ቻላቸው አፈሙዙን አንሥቶ አፌን መታኝ። የፊት ጥርሴ ሲሰበር በምላሴ አወቅኩት። ደሙን ተፋሁና ቀጠልኩ። ቃላቱ በተሰበረው ጥርስ በኩል እያፏጩ ነበር የሚወጡት። ደፋር ስለሆንኩ አይምሰላችሁ፤ ፍርሃቱ አልፎኝ ሄዷል። ካቆምኩ ይቤ እንደሚሞት ብቻ ነበር የማውቀው።

ያን ጊዜ እትዬ ያምሮት ወደ እኔ መጣች። ሚስትየዋ ናት። ካፖርቱን አንሥታ ካጠፈችው ለቅሶው አለቀ፤ ከእሷ በላይ መብት ያለው የለም። እጇን ወደ ካፖርቱ ዘረጋች። ሌላ ሴት ሙሾውን ተቀብላኝ ስትጮህ፣ አገጬን ይዛ ወደ ራሷ አዞረችኝ።

«ሆነ ብለሽ ነው፣ አይደል?»

«አዎ እትዬ።»

«ያ ልጅ ምንሽ ነው?»

ባሌ ነው ብላት ይቀላት ነበር ይሆናል። መዋሸት ግን አልመጣልኝም። «ድምፄን የሚሰማልኝ እሱ ነው» አልኳት። «ሌላ ሰው የለኝም።»

ዓይኗ ወደ ካፖርቱ ሄደ፣ ከዚያ ወደ ገለባው ክምር። ጠዋት ወንዶቹን ሱሪ አልታጠቃችሁም ያለችው እሷ ናት። «ምንይችል ዶሮ እንኳ በሰው ነበር የሚያሳርድ» አለች፤ ለእኔ ይሁን ለራሷ አላውቅም። ካፖርቱን ለቀቀችው። ወደ ሴቶቹ ዞራ ደረቷን በሁለት እጇ መታችና «ያዙላት! ምን ትጠብቃላችሁ!» ብላ ጮኸች።

አንድ ጉድጓድ ቆፍረን፣ እጃችን ሳይታጠብ፣
ሌላ ጉድጓድ አምጡ፣ ይላል ወይ ቤተሰብ?

ይህን ያልኩት ወደ አያል ዞሬ ነው። የተቀበለችኝ እትዬ ያምሮት ነበረች። አያል ራሱን አቀረቀረ። ሴቶቹ ደገሙት። ያቺው ሁለት ስንኝ ስትደጋገም ከዳገቱ ላይ ጥቁር ጃንጥላ ብቅ አለ፤ ከጎኑ ራሷን ያልሸፈነች አንዲት ሴት አለች። እናቴ ናት።

መጀመሪያ ያየው ቻላቸው ነበር። ቄሱ ከደረሱና ከገዘቱ ነገሩ እንዳለቀ ያውቃል። ወደ ገለባው ክምር ሮጠ። ጠባቂዎቹ ገለል አሉለት። እኔ እየጮኽኩ ስሮጥ ጭቃው ላይ ወደቅኩ። ይቤ በጉልበቱ ተንበርክኮ፣ ፊቱ በደም ተሸፍኖ ቀና ሲል አየሁት። ቻላቸው አነጣጠረ።

ከየት እንደመጣ አላውቅም፣ አያል ደረሰበት። አፈሙዙን በባዶ እጁ ጨብጦ ወደ ራሱ ሳበው። ጠመንጃው ጮኸ።

አያል አልወደቀም። እጁን ወደ ፊቱ አንሥቶ አየው። ሁለት ጣቶቹ የሉም። ደሙ በክንዱ ወርዶ በክርኑ ይንጠባጠባል።

«ለቅሶው አልተነሣም» አለ ለቻላቸው። ድምፁ አልተለወጠም። «ለቅሶው ሳይነሣ አይሆንም አላልሁህም?»

ቻላቸው የወንድሙን እጅ አየ። ጠመንጃው ከእጁ ወደቀ። አባ ተክሌ ትንፋሻቸው ተቆራርጦ መስቀላቸውን ከፍ አድርገው «ገዝቻለሁ! በሥላሴ ስም ገዝቻለሁ! ይህን ልጅ የነካ ከክርስትናው ይውጣ!» እያሉ ሲደርሱ ቻላቸው ጭቃው ላይ ተቀምጦ ነበር። ምንይችል ከሞተ ጀምሮ ፎክሯል፣ ተኩሷል፣ ዘራፍ ብሏል፤ አላለቀሰም ነበር። ያን ጊዜ «ጋሼ! ጋሼ!» እያለ አለቀሰ። እትዬ ያምሮት ሄዳ ካፖርቱን አጠፈችው። ለቅሶው ተነሣ።

የይቤን ገመድ በጥርሴ ልፈታ ስሞክር ጥርሴ መሰበሩን ረስቼው ነበር። ግራ ፊቱ አብጦ ዓይኑ ተደፍኗል፤ ከጆሮው የሚወርደው ደም አንገቱ ላይ ረግቷል። ራሱን ጭኔ ላይ አደረግኩት። ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ፤ ዝቅ ብዬ ሰማሁት።

«መሐሉ ላይ ፈጠንሽ» አለኝ። «በረዶው ሲጀምር።»

እየሳቅኩ አለቀስኩ። ሽማግሌዎቹ አበደች ብለው ሳይሆን አይቀርም በውኃ ረጩኝ።

በቃሬዛ ዋናው መንገድ ድረስ ወሰድነው፤ አያልም እጁን በነጠላ አስሮ አብሮን ሄደ። ማርቆስ ሆስፒታል አንድ ክፍል ውስጥ አጠገብ ለአጠገብ ተኙ። የመጀመሪያውን ምሽት አልተነጋገሩም። በማግስቱ አያል በደህናው እጁ የይቤን ብርድ ልብስ ወደ ላይ ሲስብለት ከበር ሆኜ አየሁ። ሙላት ቆይቶ እጁን ሰጠ። ሽማግሌ በወንዙ ወዲህና ወዲያ ብዙ ተመላለሰ፤ እርቁ ወረደ። ቻላቸው ከብዙ ወራት በኋላ ስቱዲዮ መጥቶ በር ላይ ቆመ፤ ይቤ ወንበር ሲያቀርብለት ሳይቀመጥ ዋለ። ይቅር መባል ለእሱ ከምንም በላይ ከብዶታል መሰለኝ። አሁንም ይመጣል።

እናንተ በተለይ እንደ እኔ የምትለፈልፉ ልጆች፣ ይህን የምነግራችሁ ልሰብካችሁ አይደለም። «ገደልኩት» ብላችሁ ስትዘፍኑ ጨዋታ መሆኑን አውቃለሁ፤ እኔም ተጫውቼበታለሁ። እኔ ግን አንዲት ሐዘንተኛ ሁለት ስንኝ ስትወረውር አብሮኝ ዋና የተማረ ልጅ ነፍሰ ገዳይ ሊሆን ሲነሣ አይቻለሁ። ሌላ ሁለት ስንኝ ደግሞ ጠመንጃ ይዞ የሚሄድ ሰው ሲያቆም አይቻለሁ። ከዚያ ወዲህ ያን ቃል ከአፌ ላወጣ ስል የተሰበረው ጥርሴ ያመኛል። የእናቴ ድምፅ አልተመለሰም፤ ሰው ሲሞት አሁን መልክተኛ የሚላከው ወደ እኔ ነው። ኮንሰርት ቢኖረኝም እሄዳለሁ።

አንድ ነገር ልጨምርና ላብቃ። ብዙዎቻችሁ በየጊዜው ትጽፉልኛላችሁ፦ ከሦስተኛው ዘፈን ጀምሮ የጆሮ ማዳመጫ ስንሰካ ድምፅሽ በቀኝ በኩል ብቻ ነው የሚሰማን፣ በግራ ከበሮ ብቻ ነው ያለው፣ ስልካችን ተበላሽቶ ነው ወይስ ስትቀርጹት ተሳስታችሁ ነው ትሉኛላችሁ። ስልካችሁ ደህና ነው። አልተሳሳትንምም። ይቤ ግራ ጆሮው አልዳነም፤ እኔን የሚሰማኝ በቀኙ ነው።